የቤተሰብ ፎቶ ስካን ስታደርጉ ሻርፑን ለመጨረሻ አቆዩት

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ አክስቴ ከቤቷ መጀመሪያ ያወጣችው አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ከቴሌቪዥኑም ከምጣዱም በፊት። ሳጥኑ ውስጥ ወደ ሦስት መቶ የሚሆን ፎቶ አለ። ጥቁርና ነጭ የሠርግ ፎቶ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ ትንንሽ ፎቶ፣ ለገሃር የአንበሳው ሐውልት ሥር የተነሱት፣ በኤንቨሎፕ የታሸገ ጥቂት ኔጋቲቭ። ስካን የማድረጉ ሥራ ለእኔ ተሰጠ።

በዚያው ሰሞን የአያቴ ሙት ዓመት ደረሰ። ፎቶዋን በትልቁ ላሳትም ብዬ ተነሳሁ። ስካነሩ ላይ «አንሻርፕ ማስክ» የሚል፣ ምስልን ሻርፕ የሚያደርግ ማለትም ጠርዙን የሚያጎላ ምርጫ አየሁ። ይበልጥ ይጠራል ብዬ «ሃይ» ላይ አደረግሁት። በስልክ ሳየው ደስ አለኝ። ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን አክስቴ ዝም ብላ ብዙ አየችው። ከዚያ «ልጄ፣ ፊቷን ምን አደረግኸው? እማዬ እንዲህ የተጎሳቆለች አልነበረችም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በነጠላዋና ከኋላዋ ባለው ጥቁር መጋረጃ መካከል ነጭ መስመር ተሰምሯል። የወረቀቱ ስንጥቅ ግንባሯ ላይ የፊት መጨማደድ መስሏል። እስከዚያ ቀን ስካን ያደረግኋቸው ሁሉ በዚሁ መንገድ የተሠሩ ነበሩ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሁለት ወር ቅዳሜና እሁድ ፈጀብኝ።

እናንተ ሁለት ጊዜ እንዳትደክሙ የሠራሁበትን መንገድ ልንገራችሁ። ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ፎቶ ስካን ሲደረግ ሻርፕ ማድረግ ግድ ነው ወይ?» ብሎ ነው። መልሴ አዎ ነው፤ ትንሽ ያስፈልጋል። ግን ስካነሩ እንዲያደርገው አትፍቀዱ። በመጨረሻ፣ በቅጂ ላይ፣ በራሳችሁ እጅ አድርጉት።

ስካን ለምን ይለሰልሳል?

ነጠላ አስቡ። ነጩ ሸማ ከጥቁሩ ጥለት ጋር የሚገናኝበት ቁርጥ ያለ መስመር አለ። ስካነር ምስሉን ፒክስል በሚባሉ በጣም ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፍለዋል። አንዲት ፒክስል አንድ ቀለም ብቻ ነው መያዝ የምትችለው። መስመሩ በመሃሏ ካለፈ ነጭም ጥቁርም መሆን አትችልም፤ ግራጫ ትሆናለች። የስካነሩ ሌንስም የራሱን ልስላሴ ይጨምርበታል። ስለዚህ ፎቶው ላይ ቁርጥ ያለው ጠርዝ ስካኑ ላይ ትንሽ ይሟሟል። ይህ ብልሽት አይደለም። በውዱም በርካሹም ስካነር ያለ ነገር ነው።

ሻርፕ ማድረግ ማለት በጠርዙ ግራና ቀኝ ያለውን ልዩነት ማጉላት ነው። ጥቁሩን ትንሽ ያጠቁረዋል፤ ነጩን ትንሽ ያነጣዋል። ዓይናችን ያንን አይቶ «ጠራ» ይላል። ፎቶው ላይ ግን አዲስ ነገር አልተጨመረም። ፎቶው ሲነሳ ፎከሱ ስቶ ከሆነ ወይም ሰውየው ተንቀሳቅሶ ከሆነ በሻርፕ አይድንም። ብዥታው ራሱ ጠርዝ አውጥቶ ይቀመጣል እንጂ ዓይኑ አይገለጥም።

«አንሻርፕ» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያደናግራል። ቃሉ «ያልጠራ» ማለት ነውና። ነገሩ ከኮምፒውተር በፊት የመጣ ነው። ያኔ በጨለማ ክፍል ውስጥ ከኔጋቲቩ ሆን ተብሎ ብዥ ያለ ፖዘቲቭ ቅጂ ይሠራ ነበር። ሁለቱ ተደራርበው ሲታተሙ ጠርዞቹ ጎልተው ይወጣሉ። ስሙ የተወሰደው ከዚያ ብዥ ካለው ቅጂ ነው። ዛሬ ፎቶሾፕና ጊምፕ የሚባሉት የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ያንኑ ሥራ በሂሳብ ይሠሩታል።

ችግሩ ፕሮግራሙ ጠርዝ ማግኘት ይችላል እንጂ የምን ጠርዝ እንደሆነ አያውቅም። ለእሱ ሽፋሽፍትም ጠርዝ ነው፤ አቧራም ጠርዝ ነው፤ ስንጥቅም ጠርዝ ነው። ሁሉንም እኩል ያጎላል። በድሮ ፎቶ ላይ ደግሞ ሌላም አለ። የጥንት ፎቶ ቤቶች የሰው ፊት እንዲለሰልስ ኔጋቲቩን በቀጭን እርሳስ ይነካኩት ነበር። ያ የእርሳስ ጭረት በዓይን አይታይም። ሻርፕ ሲበዛበት ግን ፊት ላይ ብቅ ይላል። የአያቴን ፊት ያበላሸው አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል። ፎቶ አንሺው በትዕግሥት ያለሰለሰውን እኔ በአንድ ክሊክ አፈረስኩት።

1. መጀመሪያ መስታወቱንና ፎቶውን አጽዱ

«ስካኔ አይጠራም» ከሚሉኝ ሰዎች ውስጥ የብዙዎቹ ችግር መስታወት ላይ ነው። የጣት አሻራ ያለበት መስታወት ምስሉን ሁሉ ጭጋግ ያለብሰዋል። ጭጋግን በሻርፕ ማሸነፍ አይቻልም።

የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ በትንሹ አርጥባችሁ ጥረጉ፤ ከዚያ በደረቅ ድገሙት። ፈሳሽ በቀጥታ መስታወቱ ላይ አትርጩ፤ በጠርዙ ገብቶ ከሥር ይቀራል። ፎቶውን ግን ምንም እርጥብ ነገር አታስነኩት። አልኮልም፣ ውኃም፣ ሶፍትም ይቅር። ሶፍት ለስላሳ ይመስላል እንጂ ፎቶ ይጭራል። ካሜራ ላይ አቧራ የሚነፋበት የጎማ መንፊያና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። በአፍ መንፋት የለም፤ ምራቅ ያርፍበታል።

በበጋ አቧራው የሚያስቸግር ከሆነ መስኮት ዝጉና ሥሩ። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ መንገድና ሕንፃ ሲሠራ በከረመበት ጊዜ እኔ በየአምስት ፎቶው መስታወት እጠርግ ነበር። አሰልቺ ነው። ግን አንድ የአቧራ ቅንጣት አሁን በብሩሽ ማንሳት ሁለት ሰከንድ ነው። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ደቂቃ ይወስዳል።

ፎቶው ተጠቅልሎ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። እንደ ካኖን ላይድ ያሉት ቀጫጭን ስካነሮች የሚያጠሩት መስታወቱን የነካውን ብቻ ነው። ወረቀቱ ከመስታወቱ ትንሽ ከፍ ካለ ያ ቦታ ብዥ ይላል። እንደ ኤፕሰን ቪ600 ያሉት ወፈር ያሉት በዚህ በኩል ይቅርታ ያደርጋሉ። የተጠቀለለውን በሁለት ንጹሕ ነጭ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበትና ጥቂት ቀን ተዉት። ሲዘረጋ የሚሰነጠቅ ከሆነ አታስገድዱት።

አልበም ላይ የተጣበቀ ፎቶ ካለ በእጅ ጎትታችሁ አትንቀሉት። የጥርስ ማጽጃ ክር ከፎቶው ሥር አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ አድርጉት። እንቢ ካለ ከነገጹ ስካን አድርጉት። ከፍሬሙ መስታወት ጋር የተጣበቀውንም እንዲሁ ከነመስታወቱ ስካን አድርጉት። ክረምት የገባበት ፎቶ እንዲህ ያለ ጣጣ አለው።

2. የስካነሩን ሻርፕ አጥፉ

አብዛኛው የስካነር ፕሮግራም ይህ ምርጫ በርቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እናንተ ባትነኩትም እየሠራ ሊሆን ይችላል። የስካነሩን ፕሮግራም ክፈቱና «ፕሮፌሽናል» ወይም «አድቫንስድ» ወደሚለው ግቡ። «አንሻርፕ ማስክ» ወይም «ሻርፕን» የሚል ታገኛላችሁ። ምልክቱን አንሱ።

እዚያው አጠገቡ ሌሎችም አሉ። አቧራ ማጥፊያ፣ የደበዘዘ ቀለም መመለሻ፣ ብርሃን ማስተካከያ። ሁሉንም አጥፉ። የሚያደርጉት ነገር መጥፎ ሆኖ አይደለም። ስካነሩ አንዴ ከፋይሉ ጋር ካዋሃደው በኋላ መለየት ስለማይቻል ነው። ሻርፕ ያልተደረገን ፋይል ነገም ከነገ ወዲያም ሻርፕ ማድረግ ይቻላል። የተደረገበትን ግን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። እኔን ሁለት ወር ያስከፈለኝ ይኸው ነው።

ካላመናችሁኝ ራሳችሁ ሞክሩት። አንድ ፎቶ ምረጡ፤ ነጠላ የለበሰ ሰው በጥቁር ጀርባ ፊት የቆመበት ቢሆን ይመረጣል። አንዴ አጥፍታችሁ፣ አንዴ «ሃይ» ላይ አድርጋችሁ ስካን አድርጉት። ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍታችሁ 100 በመቶ አጉልታችሁ እዩ። ትከሻው ላይ ያለውን መስመር ተመልከቱ። ሻርፕ የበዛበት ላይ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ትከሻውን ተከትሎ ይሄዳል። ባለሙያዎች ሃሎ ይሉታል። አንዴ ካያችሁት በኋላ በየፎቶው ይታያችኋል።

3. ዲፒአዩን በልኩ አድርጉ

ዲፒአይ ማለት ስካነሩ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ እንደሚያነብ ነው። ጥራትን ሁሉ ከዲፒአይ የሚፈልጉ አሉ። ልክ አለው። በወረቀት የታተመ ፎቶ የያዘው ዝርዝር ከ300 ዲፒአይ ብዙም አያልፍም። 600 ላይ ስካን ካደረጋችሁት ያለውን ሁሉ ወስዳችኋል ማለት ይቻላል። እኔ ለተራ ፎቶ ሁሉ 600 ነው የምጠቀመው። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ሲነሳ 2362 በ3543 ፒክስል ይሆናል። በሁለት እጥፍ አሳድጎ በ300 ለማሳተም ይበቃል።

ጉርድ ፎቶ ሲሆን 1200 አድርጉት። 3 በ4 ሳንቲ ሜትሩ 1417 በ1890 ፒክስል ይሰጣችኋል። 13 በ18 አድርጎ ለማተም ያስኬዳል። ለብዙ አያቶቻችን ያለን ብቸኛ ምስል ከመታወቂያ ላይ የተላጠ ጉርድ ፎቶ ስለሆነ ይህን አትሰስቱ።

ኔጋቲቭ ካላችሁ እድለኞች ናችሁ። ከታተመው ወረቀት ይልቅ ብዙ ይዟል። 35 ሚሊ ሜትሩን በ2400 ብታነሱት ወደ 3400 በ2270 ፒክስል ታገኛላችሁ። የስካነሩ ካርቶን ላይ 6400 የሚል ቢጻፍም ጠፍጣፋ ስካነር በእርግጥ የሚያየው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ከፍ ባደረጋችሁት ቁጥር ፋይሉ ይወፍራል እንጂ ምስሉ አይጠራም። አንድ ነገር ልብ በሉ። በኢንፍራሬድ (በዓይን በማይታይ ብርሃን) የሚሠራው አቧራ ማጥፊያ ለጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ አይሆንም። ምስሉ የተሠራበት የብር ማዕድን ራሱ ኢንፍራሬዱን ስለሚያግደው ስካነሩ ምስሉን አቧራ ነው ብሎ ያስባል።

4. ቲፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ

ጄፔግና ቲፍ ምስል የሚቀመጥባቸው የፋይል ዓይነቶች ናቸው። ጄፔግ ፋይሉን ለማሳነስ ዝርዝሩን ይቆርጣል። በተቆረጠበት ላይ ሻርፕ ሲጨመር ትንንሽ አራት ማዕዘን ምልክቶች ይወጣሉ። ስለዚህ ዋናው ፋይል ቲፍ ይሁን። ከላይ ያልኩት 10 በ15 ፎቶ በቀለም 25 ሜጋ ባይት አካባቢ ይሆናል። ሦስት መቶው ተደምሮ ከ8 ጊጋ አያልፍም። ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ ይችለዋል። ሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጡትና አንዱን ዘመድ ቤት አስቀምጡ።

ጥቁርና ነጩንም በቀለም አንሱት። ቡናማ ወዙ፣ የቀለም እስክሪብቶው ጽሑፍ፣ ማኅተሙ ሁሉ የታሪኩ አካል ነው።

ጀርባውንም ስካን አድርጉ። «ለማስታወሻ ያህል» ብሎ የተጻፈው፣ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ዓመተ ምሕረቱ ያለው እዚያ ነው። ፋይሉን ስትሰይሙ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ «ዓ.ም» ብላችሁ ጨምሩበት። ያለበለዚያ የልጅ ልጆቻችሁ የሰባት ስምንት ዓመት ስህተት ይሠራሉ።

መብራት ድንገት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ እያንዳንዱን ፎቶ እንደጨረሳችሁ ሴቭ አድርጉ።

5. ቅጂ አውጡና አጽዱ

የመጀመሪያውን ቲፍ «ዋና» ብላችሁ ለብቻ ፎልደር አስቀምጡት። ከዚህ በኋላ ማንም አይነካውም። ሥራው ሁሉ በቅጂው ላይ ነው።

ቅጂውን በጊምፕ ክፈቱ። ጊምፕ ነፃ ነው፤ ፎቶሾፕ ያላቸውም ነገሩ አንድ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። መጀመሪያ ጠርዙን ቁረጡና አቅኑ። ከዚያ ብርሃኑንና ቀለሙን አስተካክሉ። ከዚያ አቧራና ጭረቱን በሂሊንግ መሣሪያው አንድ በአንድ አንሱ። የሰውን ፊት መጨማደድ ግን አትንኩ። ስንጥቅ የወረቀቱ ነው፤ መጨማደድ የሰውየው ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ካጠራጠራችሁ ሰውየውን የሚያውቅ ጠይቁ። እኔ አክስቴን አጠገቤ አስቀምጬ ነው የሠራሁት። «ይቺ ምልክት የእሷ ናት፣ አትንካት» እያለች።

ይህ ሁሉ ከሻርፕ በፊት መሆን አለበት። ቀድማችሁ ሻርፕ ካደረጋችሁ አቧራውም አብሮ ይጎላል። ያኔ ማጥፋቱ እጥፍ ሥራ ነው።

6. ለምን እንደምትፈልጉት ወስኑና መጠኑን ቀይሩ

ሻርፕ ለአንድ ጥቅም ብቻ የሚለካ ነገር ነው። ለስልክ ስክሪን የሚስማማው ለግድግዳ አይስማማም። ስለዚህ መጠኑን አስቀድማችሁ ቀይሩ። ለቴሌግራምና ለስክሪን ረጅሙ ጎን 2000 ፒክስል ያህል ይበቃል። ለህትመት በሚታተምበት ልክ አድርጉት፤ 300 ዲፒአይ ጥሩ ነው። በግድግዳ ላይ ከራቅ ብሎ ለሚታይ ትልቅ ፎቶ 180ም ያስኬዳል። ፋይሉን ሁለት ቦታ አስቀምጡት፤ አንዱ ለህትመት፣ አንዱ ለስክሪን።

7. አሁን ሻርፕ አድርጉ

ዋናው ቦታ እዚህ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

ሌየሩን (የምስሉን ንጣፍ) አባዙት። የላይኛው ላይ ሁኑና በጊምፕ ፊልተርስ፣ ከዚያ ኢንሃንስ፣ ከዚያ «ሻርፕን አንሻርፕ ማስክ» የሚለውን ክፈቱ። ሦስት ቁጥር አለ።

ሬዲየስ ማለት ማጉላቱ ከጠርዙ ምን ያህል ርቆ ይሄዳል ማለት ነው። በጣም የሚያበላሸው እሱ ነው። ሲሰፋ ሃሎው ይወፍራል። አማውንት ጉልበቱ ነው። ትሬሽሆልድ ደግሞ ወንፊት ነው። ከዚህ ያነሰ ልዩነት ካለ ተወው፣ አታጉላው ይለዋል። የቆዳን ልስላሴ፣ የሰማይን ንጣት፣ የፊልሙን ግሬን (ትንንሽ ቅንጣቶቹን) የሚጠብቅላችሁ እሱ ነው።

ጊምፕ ሲከፈት ሬዲየሱ 3፣ አማውንቱ 0.5፣ ትሬሽሆልዱ 0 ሆኖ ይመጣል። ለድሮ ፎቶ 3 ሬዲየስ በዛ። እኔ በ300 ዲፒአይ ለሚታተም ከ1 እስከ 1.5፣ ለስክሪን ለተቀነሰው ከ0.3 እስከ 0.6 ነው የምጠቀመው። አማውንቱን ከ0.5 እጀምራለሁ። ትሬሽሆልዱን 0.01 ወይም 0.02 አደርገዋለሁ። ፎቶሾፕ ላይ አማውንቱ በመቶኛ ነው፤ 50 አካባቢ ጀምሩ። ትሬሽሆልዱም ከ3 እስከ 5 ይሁን።

ቁጥሩን ከእኔ ከመቅዳት ይልቅ እንዲህ ፈልጉት። አማውንቱን ለጊዜው በጣም ከፍ አድርጉ፤ 2 ይሁን። ምስሉ አስቀያሚ ይሆናል፤ አትደንግጡ። አሁን ሬዲየሱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ዓይኑና ሽፋሽፍቱ ቁልጭ ሲሉ፣ ግን ትከሻው ላይ ነጩ ክር ገና ሳይወፍር አቁሙ። ሬዲየሳችሁ ያ ነው። ከዚያ አማውንቱን ወደ ታች መልሱ። «አሁን ጥሩ ነው» ያላችሁበት ላይ ስትደርሱ ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ዓይን ይለምዳል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሁላችንም የበዛውን ትክክል ነው ማለት እንጀምራለን። ተነሱና ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ፤ እንደገና እዩት።

ለስክሪን የሚሆነውን 100 በመቶ አጉልታችሁ ፍረዱ። ለህትመት የሚሆነውን ግን 50 በመቶ ላይ ሆናችሁ እዩት። ወረቀት ከስክሪን ይልቅ ስለሚለሰልስ፣ ስክሪኑ ላይ ትንሽ የሻከረ የሚመስለው ሲታተም ልክ ይመጣል። ማት ወረቀት ቀለሙን ስለሚመጥ ከሚያብረቀርቀው ትንሽ የበለጠ ይፈልጋል።

የቀለም ፎቶ ከሆነ የላይኛውን ሌየር ሞድ ጊምፕ ላይ «ሉሚናንስ»፣ ፎቶሾፕ ላይ «ሉሚኖሲቲ» አድርጉት። ያኔ የሚጎላው ብርሃኑ ብቻ ነው። በጠርዙ ላይ አረንጓዴና ቀይ ክር አይወጣም።

አሁን ደግሞ የምወደው ክፍል። ሁሉም ቦታ ሻርፕ መሆን የለበትም። የላይኛው ሌየር ላይ ጥቁር ማስክ (መሸፈኛ) ጨምሩ። ሻርፑ ሁሉ ይጠፋል። ከዚያ ለስላሳ ነጭ ብሩሽ ይዛችሁ እንዲጠራ የምትፈልጉትን ቦታ ብቻ ቀቡ። ዓይን፣ ሹሩባ፣ ከንፈር፣ የአንገት መስቀል፣ የቀሚሱ ጥለት። ጉንጩንና ግንባሩን ተዉት። ጀርባውን መጋረጃም ተዉት። የነጠላውን ሸማም ተዉት። ስስ ክር ስለሆነ ሻርፕ ሲያገኘው እንደ አሸዋ ይሻክራል።

አያቴ አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ እንደ ጥላ ነው የሚታየው። በዚህ መንገድ ንቅሳቱን ብቻ ቀስ ብዬ ስቀባ መስመር በመስመር ወጣ። የተጨመረ ነገር የለም፤ ስካኑ ውስጥ ነበር። ፊቷ እንደ ድሮው ለስላሳ ሆኖ ቀረ። አክስቴ ሁለተኛውን ህትመት ስታይ እጇን አንገቱ ላይ አሳረፈችና «እህ፣ እማዬ» ብቻ አለች።

ለብቻቸው የሚታዩ

ወረቀቱ ሸካራ የሆነ፣ እንደ ማር እንጀራ ትንንሽ ጉድጓድ ያለው ፎቶ አለ። በስካነር መብራት እያንዳንዱ ጉድጓድ ያበራል። ሻርፕ ከጨመራችሁበት ፎቶው ከነጥብ በቀር ምንም አይታይበትም። ይህን ፎቶ ሁለት ጊዜ ስካን አድርጉት፤ ሁለተኛውን 180 ዲግሪ አዙራችሁ። ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ አቅኑትና ሁለቱን ደርባችሁ የላይኛውን 50 በመቶ ግልጽ አድርጉት። መብራቱ ከሁለት አቅጣጫ ስለመጣ ሸካራው አብዛኛው ይጠፋል። ሻርፕ ካስፈለገ ዓይን ላይ ብቻ።

ከአዲስ ዘመን ወይም ከመጽሔት የተቆረጠ ፎቶ በነጥብ የታተመ ነው። ሻርፕ በፍጹም አታድርጉበት። ስካነሩ ላይ «ዲስክሪን» የሚለውን፣ የህትመቱን ነጥብ የሚያለሰልሰውን አብሩ፤ ከማጥፋት ይልቅ ማብራት የምመክረው እሱን ብቻ ነው።

በስልክ የተነሳ የፎቶ ፎቶ ከሆነ ስልኩ ራሱ አስቀድሞ ሻርፕ አድርጎታል። አትጨምሩበት።

ደብዳቤና የልደት ካርድ ሌላ ነው። ጽሑፍ እንዲነበብ እንጂ እንዲያምር አይፈለግምና ደህና አድርጋችሁ ሻርፕ ብታደርጉት ችግር የለውም።

ስካነር ከሌላችሁ

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ስታዲየምና ሜክሲኮ ጭምር ስካን የሚያደርግ ፎቶ ቤትና ፎቶ ኮፒ ቤት አይጠፋም። የምትሰጡት ትእዛዝ ግልጽ ይሁን። «በ600 ዲፒአይ፣ በቲፍ፣ ሻርፑና ማስተካከያው ጠፍቶ፣ በዚህ ፍላሽ ላይ» በሏቸው። ወረቀት በሚጎትተው በላይኛው መግቢያ እንዳያስገቡት ቆማችሁ እዩ። የድሮ ፎቶ እዚያ ውስጥ ሊታጠፍ፣ ሊቀደድም ይችላል። መስታወቱ ላይ ተቀምጦ ነው መነሳት ያለበት። በተቻለ መጠን ፎቶውን ትታችሁ አትሂዱ። አንዱን አስነስታችሁ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ 100 በመቶ አጉልታችሁ እዩና ሌላውን ቀጥሉ።

ለህትመት ስትወስዱ ደግሞ ማሽናቸው በራሱ ሻርፕ ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። ከጨመረ ወይ ያጥፉላችሁ፣ ወይ እናንተ ያላደረጋችሁበትን ስጧቸው። ሁለት ጊዜ የተደረገበት ሻርፕ ነው ፊትን ድንጋይ የሚያስመስለው። ትልቅ ፎቶ ከማሳተማችሁ በፊት ፊቱን ብቻ ቆርጣችሁ በትልቁ ልክ በ10 በ15 ወረቀት አሳትሙ። ዋጋው ትንሽ ነው። ቤት ወስዳችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉትና ፎቶው በሚታይበት ርቀት ቆማችሁ እዩት።

ውጭ አገር ላሉት ዘመዶች በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ። በተራው መንገድ ፎቶ ብላችሁ ከላካችሁት ይጨመቃል፤ ስትጠነቀቁለት የከረማችሁት ሽፋሽፍት መንገድ ላይ ይቀራል።